የመኪና መስታወት ከውስጥ በኩል የሚይዘው ጭጋጋማ ቅባት፦ ምንጩ ምንድን ነው? በምንስ ይለቃል?

ጠያቂ፦ «ቪትዝ ነጂ»፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። የምነዳው 2007 ሥሪት ቶዮታ ቪትዝ ነው። የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ስስ ጭጋግ የሚመስል ሽፋን ይዟል። ቀን ላይ እምብዛም አያስቸግርም፤ ጠዋት ከጦር ኃይሎች ወደ ሜክሲኮ ስነዳ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመጣ መስታወቱ በሙሉ ነጭ ሆኖ ከፊቴ ያለውን እግረኛ ለማየት እቸገራለሁ። በሶፍት ሲጠረግ ለጊዜው የጠራ ይመስላል፤ ማታ የመጪ መኪና መብራት ሲያርፍበት እጅ የሄደበት መንገድ ሁሉ ቅስት ቅስት እየሠራ ይታያል። ላቫጆ ሲገባም ከውስጥ ይጠርጉታል፣ ዳሽቦርዱንም ቀብተው እያብረቀረቀ ያስረክቡኛል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሽፋኑ ይመለሳል። መኪናው ውስጥ የሚያጨስ ሰው የለም። አሁን ክረምቱ ስለገባ ደግሞ መስታወቱ ላብ በያዘ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። የማነሣው ጥያቄ ይህ ሽፋን ከየት እንደሚመጣ፣ እንዲሁም እዚሁ በሚገኙ ነገሮች ከሥሩ እንዴት ሊለቅ እንደሚችል ነው። በሥራው ያለፋችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

«የድሮ ሾፌር»፣ ደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ ብዙ አያስቡ። ኮምጣጤ በውሃ በጥብጠው በአሮጌ ጋዜጣ ይሹት። እኛ ከላንድሮቨር ዘመን ጀምሮ የምናውቀው ይህንኑ ነው፤ መስታወት የሚያጠራ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

«መምህር»፣ አዳማ

የማስተምረው ኬሚስትሪ ስለሆነ ከምንጩ ልጀምር፤ ምን እንደሚጠረግ ሳይታወቅ በምን እንደሚጠረግ መምረጥ አይቻልምና።

የመኪና ዳሽቦርድ፣ የበር ልባስና ቆዳ መሰል የወንበር ሽፋን በአብዛኛው የሚሠሩት ከፒቪሲና ከመሰል ፕላስቲኮች ነው። ፒቪሲ ብቻውን ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ እንዲለሰልስ ፕላስቲሳይዘር የሚባሉ ቅባትነት ያላቸው ፈሳሾች በፋብሪካ ይቀላቀሉበታል። እነዚህ ፈሳሾች ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካል ትስስር አልተያያዙም፤ በመካከሉ ገብተው ተቀምጠዋል እንጂ። ስለዚህ ዳሽቦርዱ በፀሐይ ሲግል ጥቂት በጥቂት እየተነኑ ይወጣሉ። በሞቃት አገር ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ወደ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ እንደሚችል ስናስታውስ ነገሩ አያስገርምም። የተነነው ነገር ቀዝቀዝ ያለ ገጽ ሲያገኝ ተመልሶ ይጠራቀማል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ በመኪናው ውስጥ ካሉት ሰፋፊ ገጾች ቀድሞ የሚቀዘቅዘው መስታወቱ ነው።

ይህ ራሳቸው የመኪና አምራቾች የሚለኩት ጉዳይ ነው። ዲን 75201 በሚባለው የጀርመን ደረጃና አይኤስኦ 6452 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት፣ ከልባሱ የተቆረጠ ናሙና በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ተደርጎ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ በዕቃው አፍ ላይም በ21 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ የተደረገ መስታወት ይከደንበታል። ከ3 ሰዓት በኋላ መስታወቱ ተነሥቶ ብርሃን የማንጸባረቅ ኃይሉ ምን ያህል እንደቀነሰ ይለካል። በሌላው ዘዴ ደግሞ በመስታወቱ ሥር የአሉሚኒየም ስስ ወረቀት ተደርጎ ከ16 ሰዓት በኋላ በላዩ የተጠራቀመው ቅባት ይመዘናል። በእያንዳንዳችን መኪና ውስጥ ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ እየተፈራረቁ የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ የጠያቂው መኪና ዕድሜው የገፋ ስለሆነ ከፕላስቲኩ በቀላሉ ሊተን የሚችለው ክፍል አብዛኛው ቀድሞ ወጥቷል ብዬ እገምታለሁ። እኔ የምጠረጥረው ላቫጆ የሚቀባውን ማብረቅረቂያ ነው። ብዙዎቹ ማብረቅረቂያዎች የሲሊኮን ዘይት አለባቸው፤ ይህ ዘይት ሲረጭ ብናኙ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ ዳሽቦርዱን ያሸው ጨርቅም ወዲያው መስታወቱን ለመጥረግ ከዋለ ዘይቱን እዚያ ያደርሰዋል። በዚህ ላይ በአየር ማስገቢያው የሚገባው የናፍጣ ጢስ፣ የሰው እጅ ቅባትና ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፈው የሽቶ ጠርሙስ ይጨመራሉ።

ቀን የማይታየው ማታ የሚታይበት ምክንያትም አለው። ሽፋኑ ወጥ ሆኖ የተዘረጋ ሳይሆን በጣም ጥቃቅን ከሆኑ ጠብታዎች የተሠራ ስለሆነ የሚያልፍበትን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ብርሃን ከሁሉም አቅጣጫ በሚመጣበት ሰዓት ብትንትኑ አይለይም፤ ዝቅ ያለች ፀሐይ ወይም የመኪና መብራት ከአንድ አቅጣጫ በኃይል ሲመጣ ግን መስታወቱ ራሱ ያበራ ይመስላል። ክረምት ላይ የሚብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃ በንጹሕ መስታወት ላይ ሊዘረጋ ይሞክራል፣ ቅባት ባለበት ላይ ግን ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይሰበሰባል፤ ጠብታዎቹም እንደገና ብርሃን ይበትናሉ።

ስለ ኮምጣጤው የደብረ ብርሃኑን አባታችንን አክብሬ አንድ ነገር ልጨምር። ኮምጣጤ አሲድ ነው። ውሃ ደርቆ የሚተወውን ነጭ የማዕድን ነጥብ በደንብ ያነሣል፤ የድሮዎቹ መኪኖች ዳሽቦርድ ብረት ስለነበረና አቧራና ውሃ እንጂ የፕላስቲክ ቅባት ስላልነበረባቸው ዘዴው ይበቃ ነበር። የሲሊኮንና የፕላስቲሳይዘር ቅባት ግን በኮምጣጤ አይሟሟም።

«ባለ ጋራዥ»፣ አዲስ አበባ

መምህሩ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ከማጽዳት በፊት መመርመር ያለበት ሌላ ምንጭ አለ፤ ይህ ከተዘለለ ቅባቱ ሳይሆን ሞተሩ ዋጋ ያስከፍላል።

ከዳሽቦርዱ ሥር የሂተር ራዲያተር አለ። ሞተሩን ያቀዘቀዘው ሙቅ ውሃ በእርሱ ውስጥ ሲያልፍ ነው የምንሞቀው። ይህ ራዲያተር ወይም ቱቦው ትንሽ እንኳ ካፈሰሰ፣ የፈሰሰው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ተኖ በአየር ማውጫው በኩል በቀጥታ ወደ ፊት መስታወት ይነፍሳል። ኩላንት ኤትሊን ግላይኮል ስላለበት የሚተወው ሽፋን የሚያጣብቅ ነው፤ ከመስታወቱ የታችኛው ክፍል፣ አየሩ ከሚነፍስበት ቦታ ይጀምራል፤ ተጠርጎም ሂተር በተከፈተ ቁጥር ይመለሳል። ሂተሩ ሲከፈት ጣፋጭነት ያለው ሽታ ይሸታል፤ ከሾፌሩ ጎን ባለው ተሳፋሪ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ገልጣችሁ ብትዳስሱት ይርሳል፤ የኩላንት ማጠራቀሚያውም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይጎድላል። ማጠራቀሚያውን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ጠዋት አይታችሁ ልኩን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፤ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ተመልከቱት። የራዲያተሩን ክዳን በጋለበት ጊዜ ፈጽሞ አትክፈቱ። ፈሳሹንም ቀምሶ ለመለየት የሚሞክር ሰው አጋጥሞኛልና ይህን በጥብቅ እላለሁ፦ ኤትሊን ግላይኮል ኩላሊት የሚያበላሽ መርዝ ነው።

በእኛ አገር ሁኔታ አንድ ተጨማሪ ነገር መታወቅ አለበት። ብዙ መኪኖች በኩላንት ፋንታ የቧንቧ ውሃ ተሞልተው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ መኪና ሲያፈስ ጣፋጭ ሽታም ሆነ የሚያጣብቅ ሽፋን የለውም፤ የሚታየው ሂተር ሲከፈት መስታወቱ ከልክ በላይ ላብ መያዙና መኪናው ውስጥ የዝገትና የሻጋታ ሽታ መኖሩ ነው። ስለዚህ ሽታ የለም ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ የሚታመነው የማጠራቀሚያው ልክ ነው።

እንዲሁም ንጹሕ ጣት በመስታወቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ ጎትቱ። መንገድ ከተወ ሽፋኑ በገጹ ላይ ስለሆነ ይለቃል። ምንም ካልተወና ነጭነቱ በጠርዝ በጠርዙ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የፊት መስታወት በመካከላቸው ፒቪቢ የተባለ ስስ ፕላስቲክ ያለባቸው ሁለት መስታወቶች ጥምር ነው፣ ፕላስቲኩ ከመስታወቱ መላቀቅ ሲጀምር ጠርዙ ወተት ይመስላል። ይህን ማንም በጨርቅ አያስለቅቀውም፤ የሚፈታው መስታወቱን በመቀየር ብቻ ነው።

«አጽጂ»፣ ሻርጃ

የምኖረው በሻርጃ ሲሆን ሥራዬ የመኪና ውስጥ ክፍል ማጽዳት ነው። በዚህ አገር ሙቀት ይህ ሽፋን የሌለበት መኪና ወደ እኛ አይመጣም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የእጁን ሥራ እኔ ላስረዳ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ቅባቱን ስለማያነሣው ነው፤ ከቦታ ቦታ ብቻ ያዘዋውረዋል። ሶፍት ቅባቱን ዘርግቶ ያሰሳዋል፣ ፈሳሹ ሲደርቅ ቅባቱ በነበረበት ይቀራል፤ ጠያቂው ማታ የሚያዩት ቅስት ይኸው ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ያስፈልጋል። ጨርቆቹ ጸጉራቸው አጭር ይሁን፤ አዲስ ከሆኑም አስቀድመው በጥቂት ሳሙና ታጥበው በብዙ ውሃ ይለቅለቁ። ልብስ ማለስለሻ በፍጹም አይነካቸው፤ ማለስለሻ በጨርቁ ክር ላይ የሚቀር ቅባት ስለሆነ መልሶ መስታወቱን ይቀባዋል።

መኪናው ጥላ ውስጥ ቆሞ መስታወቱ ይቀዝቅዝ፤ በጋለ መስታወት ላይ ፈሳሹ ቅባቱን ሳያሟሟ ይደርቃል። ከመስታወቱ በፊት ዳሽቦርዱ በሳሙና ውሃ በራሰና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጠረግ፤ ማብረቅረቂያው ካልተነሣ የዛሬው ልፋት ለሳምንት አይቆይም። ከዚያ 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ይቀላቀሉ። ፈሳሹ የሚረጨው መስታወቱ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ ነው፤ መስታወቱ ላይ ከተረጨ ወደ ታች ወርዶ ዳሽቦርዱ ውስጥ ወዳሉት ሽቦዎችና ድምፅ ማጉያዎች ይገባል፣ ካሜራ ባላቸው መኪኖችም ካሜራውን ይነካል። የመኪናው በሮች ክፍት ይሁኑ፤ አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሲጋራም ሆነ ሌላ እሳት በአቅራቢያው አይኑር።

ጨርቁ አራት እጥፍ ይሁን። በአንዱ ፊት እጅ የሚያህል ቦታ ብቻ ከላይ ወደ ታች በቀጥታ መስመር ይጠረግ፣ ከዚያ ወደ ንጹሑ ፊት ይገልበጥ። አንድ ፊት አንዴ ግራጫ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል፤ በእርሱ መቀጠል ቅባቱን መመለስ ነው። መስታወቱ ገና እርጥበት ሳለው በደረቁ ሁለተኛ ጨርቅ ይደረቅ። በጣም የቆየ ሽፋን በአንድ ዙር አይለቅም፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣ አልቋል ማለት ነው። ከውስጥ ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ መጥረግ ጥሩ ልማድ ነው፤ መስመር ሲታይ ከየትኛው በኩል እንደሆነ በአቅጣጫው ይታወቃል።

የሚዘለሉት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው የፊት መስታወትና ዳሽቦርዱ የሚገናኙበት ጠባብ ማዕዘን ነው፤ ቅባቱ በብዛት የሚጠራቀመው እዚያ ሲሆን እጅ ግን አይደርስበትም። መዳፍን ወደ ታች አድርጎ በእጅ ጀርባ መግፋት፣ ወይም ጨርቁን በፕላስቲክ ማስመሪያ ላይ ጠቅልሎ መግፋት ይቻላል። ሁለተኛው የበር መስታወት የላይኛው ጠርዝ ነው፤ መስታወቱን ሁለት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ካላደረጉት ከጎማው ሥር የተደበቀው ቅባት ሁልጊዜ ይቀራል።

ጥቁር ላስቲክ የተለጠፈበት መስታወት ላይ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አይነካ። ላስቲኩ የሚለጠፈው ከውስጥ በኩል ስለሆነ አሞኒያው ማጣበቂያውን እያላላ ላስቲኩን ያነሣዋል፣ ቀለሙንም ያበላሻል።

«ነርስና አሽከርካሪ»፣ ሐዋሳ

ለሻርጃው ወንድማችን ምስጋናዬ ይድረስዎ። በእያንዳንዱ ቤት የተረፈ የእጅ ሳኒታይዘር ስላለ ብዙ ሰው አልኮል ሲባል እርሱን ያነሣልና ይህን ልጨምር። ሳኒታይዘር ለዚህ ሥራ አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ በየቦታው የተመረተው ፈሳሽ ሳኒታይዘር የተከተለው የዓለም ጤና ድርጅትን ቀመር ነበር፤ በቀመሩ ከአልኮሉ ጋር እጅ እንዳይደርቅ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል (ግሊሰሪን የሚባለው) ይገባበታል። አልኮሉ ሲተን ግሊሰሮሉ አይተንም፤ መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ እርጥበትም ይስባል። ጄል የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ማወፈሪያው ራሱ ደርቆ ሽፋን ይሆናል። ፋርማሲ ሲጠየቅ «የቁስል አልኮል» ብቻ ሳይሆን ግሊሰሪን የሌለበት 70 በመቶ አልኮል መሆኑን አንብቦ መግዛት ይገባል። ኤታኖል የሆነውም ሥራውን ይሠራል።

እግረ መንገዴን፣ መስታወት በበረኪና የሚጠርጉ ሰዎች አይቻለሁ። በረኪና ቅባትን አያሟሟም፤ ከኮምጣጤ ጋር ከተቀላቀለ የክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር ከተቀላቀለ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሁለቱም ሳንባን የሚጎዱ ናቸው፤ እንደ መኪና ባለ ጠባብ ቦታ ውስጥ ደግሞ አደጋው ይከፋል። ልጆቻችንን የምናመላልስበት ዕቃ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም።

«ባለ ጋራዥ»፣ አዲስ አበባ

እህቴ ካነሡት ሌላ እኔም ተጨማሪ አለኝ። የተጣራ ውሃ የት ይገኛል ለሚል ሰው፣ በየነዳጅ ማደያውና መለዋወጫ መደብሩ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ እርሱ ነው። ነገር ግን በተመሳሳይ ጀሪካን የባትሪ አሲድም ይሸጣል፤ ያ ሰልፈሪክ አሲድ ስለሆነ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ሻጩን ጠይቃችሁ፣ ጽሑፉን አንብባችሁ ውሃ መሆኑን አረጋግጡ፤ ጥርጣሬ ካለ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይበቃል፣ ነጠብጣብ ቢተው በደረቅ ጨርቅ ይነሣል።

አልኮል ለማይገኝበት ቦታ ደግሞ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ላርጎ ብቻ ጨምሮ መጥረግ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ሁለት ጊዜ መድገም ነው። ላርጎ ቅባት በደንብ ያነሣል፤ ካልተለቀለቀ ግን ራሱ ሽፋን ይሆናል። በቤንዚን የራሰ ጨርቅ የምትጠቀሙ የሙያ ባልደረቦቼን እባካችሁ ተዉት እላለሁ። ቤንዚን ቅባት ማንሣቱ እውነት ነው፤ ትነቱ ግን በተዘጋ መኪና ውስጥ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል፣ ፕላስቲኩንም ይበላል።

«የድሮ ሾፌር»፣ ደብረ ብርሃን

መምህር፣ ያሉኝን ተቀብያለሁ፤ የድሮው መኪና ዳሽቦርድ ብረት ነበር ማለትዎ ልክ ነው። ጋዜጣውን ግን አልተውም፤ ጸጉር አይተውም፣ ውሃም ይጠጣል፤ ለመጨረሻው ማድረቂያ ከብዙ ጨርቅ ይሻላል።

«መምህር»፣ አዳማ

አባታችን፣ ለማድረቂያ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። ቀለሙ በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ነጣ ያለ ፕላስቲክ እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ።

«የጋላፊ መንገድ»፣ የጭነት መኪና አሽከርካሪ

እኔ በጅቡቲ መስመር የምሠራ ነኝ። ይህ ጉዳይ በከተማ ውበት ሊመስል ይችላል፤ በሌሊት መንገድ ላይ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። ከሚሌ አልፎ ወደ ጋላፊ ሲወረድ ጠባብ መንገድ ላይ ተሳቢዎች ረጅም መብራት አብርተው ይመጣሉ፤ መስታወቱ ቅባት ከያዘ መብራቱ መስታወቱን ይሞላዋል፣ ከመንገዱ ዳር ያለ ግመልም ሆነ የቆመ መኪና የሚታየው በጣም ከተቀረበ በኋላ ነው። ስለዚህ እኔ መስታወት የምጠርገው ከመነሣቴ በፊት፣ ጋቢናው ገና ሳይሞቅ ነው። በመንገድ ላይ ላብ ሲይዝ በእጅ ወይም በክንድ የመጥረግ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል፤ የእጅ ወዝ ከአፋር አቧራ ጋር ሲገናኝ በተራ መጥረግ የማይለቅ ጭቃ ይሆናል።

ብዙዎቻችን ዳሽቦርዱ ላይ ጸጉራም ምንጣፍ እናነጥፋለን። ለጌጥ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለዚህ ጉዳይ ጥቅም አለው ባይ ነኝ፣ ፀሐይዋ በቀጥታ ፕላስቲኩን እንዳታገኘው ይከላከላል። አቧራ ስለሚይዝ ግን በየጊዜው ወጥቶ ካልተራገፈ ጥቅሙ በጉዳቱ ይጠፋል። ስትቆሙም የሚያብረቀርቀውን የፀሐይ መከላከያ ከመስታወቱ ሥር ዘርጉ።

«ቪትዝ ነጂ»፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባለ ጋራዡን ምክር ተከትዬ የማጠራቀሚያውን ልክ ምልክት አድርጌ ተከታተልኩ፤ አልጎደለም፣ ምንጣፉም ደረቅ ነው። በጣት ሲነካ ሽፋኑ መንገድ ይተዋል። ዳሽቦርዱን በሳሙና ውሃ ስጠርግ ጨርቁ የሚያዳልጥ ቅባት ይዞ ወጣ፤ ስለዚህ የመምህሩ ጥርጣሬ ትክክል ነበር። መስታወቱን በሁለት ዙር በአልኮልና በባትሪ ውሃ ጠርጌዋለሁ፤ የመጀመሪያው ጨርቅ ግራጫ፣ ሁለተኛው ግን ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ማታ ስነዳ ቅስቱ የለም። ለላቫጆውም ዳሽቦርዱን እንዳይቀቡ፣ መስታወቱንም ከውስጥ እንዳይነኩ ነግሬያቸዋለሁ፤ በቅንነት ተቀብለውኛል።

የቀረው የክረምቱ ላብ ነው። ቅባቱ ከተነሣ በኋላ ቀንሷል፤ ዝናብ ላይ ሦስት አራት ሰው ሲጫን ግን አሁንም ይይዛል። ሂተር ብከፍት ይሻላል ወይስ ኤሲ?

«ባለ ጋራዥ»፣ አዲስ አበባ

ሁለቱንም በአንድነት ይክፈቱ። ኤሲ አየር ከማቀዝቀዙ ሌላ እርጥበቱን አንጥሮ ወደ ውጭ ያፈሳል፤ ቆመው ኤሲ ሲሠራ ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ያ ነው። ሂተሩ ደግሞ የደረቀውን አየር ያሞቀዋል፤ ሞቃት ደረቅ አየር ከመስታወቱ ላይ ያለውን ውሃ ይወስዳል። አየሩ ወደ መስታወቱ እንዲነፍስ ይደረግ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የአየር ማዘዋወሪያውን ቁልፍ ይመልከቱ። በክብ የተመለሰ ቀስት ያለበት ቁልፍ ሲበራ የውጭ አየር ይዘጋና የውስጡ አየር ብቻ ይሽከረከራል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የጭነት መኪናውን ጢስ ሽሽት ይህን ቁልፍ አብርቶ ይረሳዋል። የአራት ሰው ትንፋሽና የራሰ ልብስ እርጥበት መውጫ ሲያጣ ወደ መስታወቱ ይሄዳል። የጋላፊው ወንድሜ በአቧራ መንገድ ላይ ቢዘጋው ትክክል ነው፤ በዝናብ ጊዜ ግን ሁልጊዜ ወደ ውጭ አየር ይቀየር። ነፋስ ይመታናል ብለው መስኮት በሙሉ ለሚያዘጉ ተሳፋሪዎችም ይህን ማስረዳት ተገቢ ነው፤ በተለይ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ከኋላ አንድ መስኮት ጣት ያህል መከፈቱ ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው የካቢን ፊልተርም በአቧራ ከተደፈነ አየር አያሳልፍም፤ በቪትዝ ላይ ከጓንት ማስቀመጫው ኋላ ስለሆነ ያለ ባለሙያ ሊወጣና ሊታይ ይችላል።

«አዲስ ባለ ኤሌክትሪክ መኪና»፣ አዲስ አበባ

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥያቄ አለኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንደ ብዙ ሰው እኔም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ምንም ሳይቀባ፣ ማንም ሳያጨስበት፣ የፊትና የኋላ መስታወቱ ከውስጥ ነጭ ሽፋን እየያዘ ነው፤ የአዲስ ዕቃ ሽታውም ገና አልጠፋም። ጉድለት ነው ብዬ ወደ ሻጩ ልመልሰው?

«መምህር»፣ አዳማ

ጉድለት አይደለም። ፕላስቲክ በብዛት የሚተነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ የአዲስ መኪና ሽታ የሚባለው ነገርና መስታወቱ ላይ የሚያዩት ሽፋን የሚመጡት ከአንድ ምንጭ ነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ ከነበረ ከመግባትዎ በፊት በሮቹን ከፍተው ለጥቂት ደቂቃ ያናፍሱት፤ ሲያቆሙ ጥላ ይፈልጉ። መስታወቱን ሻርጃ ያሉት ወንድማችን ባስረዱት መንገድ ይጥረጉት፤ ሽፋኑ ቢመለስም እየቆየና እየሳሳ ይሄዳል።

«አጽጂ»፣ ሻርጃ

ለኤሌክትሪክ መኪናው ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። ትልቁን የመሐል ስክሪን በአልኮሉ ጨርቅ አይንኩት፤ ነጸብራቅ የሚቀንሰው ልባሱ ይላጣል፣ ለእርሱ በውሃ ብቻ እርጥብ ያለ ሌላ ጨርቅ ይበቃል። የኋላው መስታወት ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ደግሞ ላብ የሚያደርቁ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ናቸው። እዚያ ላይ ከላይ ወደ ታች መጥረጉ ቀርቶ መስመሮቹን ተከትሎ ከግራ ወደ ቀኝ በለስላሳው ይጠረግ፤ ቀለበት ያደረገ ሰውም ያውልቅ። አንዱ መስመር ከተቧጨረ ያ መስመር መሞቁን ያቆማል፣ በክረምትም ላቡ በዚያ በኩል ሳይደርቅ ይቀራል።